ያልታየ ደንበኛና ያልደረሰ ገንዘብ



በመሥሪያ ቤት ያገለገለ ሰው ሁሉ አንድ ደንብ ያውቃል፤ ይኸውም ገቢ መሆኑ ያልተረጋገጠ ገንዘብ ወጪ አይደረግም የሚለው ነው። የዛሬው ንግግሬ ይህ ደንብ በመዘንጋቱ ምክንያት በአሜሪካ አገር በግላቸው በሚሠሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች ላይ ስለሚደርሰው ማታለል ነው። ነገሩም ከእኛ የራቀ አይደለም። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል ቅዳሜና እሑድ ሠርግ በፎቶግራፍ እያነሡ ኑሯቸውን የሚደጉሙ አሉና፥ ከዘመዶቻችሁ አንዱ በዚህ ሙያ የተሰማራ ቢሆን ይህን ቃል ብታደርሱለት ይጠቀምበታል።

ማታለሉ የሚጀምረው በአንድ ትሕትና በተመላበት የኢሜይል መልእክት ነው። ጸሐፊው ሠርግ ወይም የቤተ ዘመድ ግብዣ ያለው መሆኑን ይገልጽና፥ ቀኑ ያልተያዘ እንደሆነ፥ ዋጋው ስንት እንደሆነ፥ ክፍያውም በቼክ ወይም በክሬዲት ካርድ ይፈጸም እንደሆነ ይጠይቃል። ስለ ሥራው ግን እምብዛም አይጠይቅም። እውነተኛ ሙሽራ ስለ ቀድሞ ሥራዎቹ፥ ስለ አልበሙና ፎቶግራፎቹ ስለሚደርሱበት ቀን ትጨነቃለች፤ አታላዩ የሚጨነቀው ስለ አከፋፈሉ ብቻ ነው። በስልክ እንነጋገር በተባለም ጊዜ፥ ጆሮዬ አይሰማም ወይም በሆስፒታል ተኝቻለሁ ይላል።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ቼኩ በፖስታ ይደርሳል። በላዩ የተጻፈው ገንዘብ ግን ከስምምነቱ ይበልጣል። ለምሳሌ ያህል የሥራው ዋጋ 1,500 ዶላር ቢሆን፥ ቼኩ 3,900 ዶላር ይላል። ወዲያውም ሁለተኛ መልእክት ይከተላል፤ «የድግሱ አስተናባሪ ቼክ የማይቀበል ስለሆነ፥ ትርፉን 2,400 ዶላር እባክዎ ዛሬውኑ ይላኩልኝ» የሚል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የዚያ ሁሉ ደብዳቤ ዓላማ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

ፎቶግራፍ አንሺው የሚታለለው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ቼኩን ባንክ አስገብቶ፥ በማግሥቱ ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ገንዘቡ በሒሳቡ ተመዝግቦ ያየዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣው ሕግ፥ ባንኮች በቼክ የገባውን ገንዘብ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ለደንበኛው እንዲለቁ ያስገድዳል። የሕጉ አሳብ ባንኮች የሰውን ገንዘብ አለ ልክ ይዘው እንዳያጉላሉ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ተለቀቀ ማለት ቼኩ እውነተኛ ሆኖ ተገኘ ማለት አይደለም፤ ሐሰተኛነቱ እስኪታወቅ ድረስ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። የአታላዩ ገበያ የሚቆመው በእነዚህ ቀናት መካከል ነው። በተለይም ባንክ ራሱ የሚከፍለውን፥ በእኛ አገር ሲፒኦ ከምንለው ጋር የሚቀራረበውን ቼክ አስመስሎ መሥራት ይወዳል፤ ይህን ዓይነቱን ቼክ ሰው ሁሉ ያምነዋልና።

ቼኩ ሐሰተኛ ሆኖ በተመለሰ ጊዜ ባንኩ 3,900 ዶላሩን ከሒሳቡ መልሶ ይወስዳል። 1,500 ዶላሩ ከመጀመሪያውም አልነበረም፤ የተላከው 2,400 ዶላር ግን ለቤት ኪራይና ለመሣሪያ ዕዳ ያስቀመጠው የገዛ ገንዘቡ ነበር። ቼኩን ያስገባው እርሱ ስለሆነ ተጠያቂውም እርሱ ነው።

ታዲያ መለያው ምንድን ነው? ቀድሞ የሰዋስው ጉድለት አንድ ምልክት ነበር፤ ዛሬ ግን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዋበ ደብዳቤ ማስጻፍ የሚቻል ስለሆነ በዚህ መተማመን አይገባም። ጆሮዬ አይሰማም ማለትም ብቻውን ምልክት አይሆንም። መስማት የተሳናቸው እውነተኛ ደንበኞች አሉና፥ እነርሱን በጥርጣሬ ማራቅ በደል ነው። በአሜሪካ ንግግርን በጽሑፍ ወይም በምልክት ቋንቋ የሚያስተላልፍ የስልክ አገልግሎት አለ፤ በቪዲዮም መተያየት ይቻላል። እውነተኛው ደንበኛ ከእነዚህ አንዱን ይመርጣል፤ አታላዩ ሁሉንም ይሸሻል። ከሁሉ ይልቅ የማይስተው ምልክት ይህ ነው፤ ከዋጋው በላይ ከፍሎ ትርፉን ለሌላ ሰው ላክ የሚል ሰው፥ ደንበኛ አይደለም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ መልእክት የደረሰው ሰው የድግሱን ቦታ ጠይቆ፥ ራሱ ፈልጎ ባገኘው የስልክ ቁጥር ለአዳራሹ ደውሎ ቀኑ መያዙን ያረጋግጥ። ውል ሳይፈረም ቀን አይስጥ፤ ቀብዱም ልክ በውሉ የተጻፈው ይሁን። ከልክ ያለፈ ቼክ ቢመጣ ወደ ባንክ ሳያስገባ ከነፖስታው ያስቀምጠው። አስገብቶትም ቢሆን ለባንኩ ፈጥኖ ይንገር እንጂ ከገንዘቡ አንዳች አያንቀሳቅስ። ገንዘቡን ልኮ ከሆነ ያስተላለፈውን ድርጅት በዚያው ሰዓት ጠርቶ እንዲያግድለት ይጠይቅ። ከዚህም በኋላ ለፌዴራል የንግድ ኮሚሽንና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ለተቋቋመው የኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማእከል ያመልክት፤ ቼኩ በፖስታ የመጣ ከሆነም ለፖስታ መሥሪያ ቤቱ መርማሪዎች ያሳውቅ።

ከገንዘቡ መጥፋት ይልቅ የሚከፋው ዝምታው ነው። የተታለለ ሰው ተታለልሁ ማለት ስለሚያሳፍረው ነገሩን ይሰውረዋል፤ ያው ደብዳቤም ስሙ ብቻ ተለውጦ ለሙያ ጓደኛው ይደርሳል። የሚያፍረው ግን ያታለለው መሆን ይገባው ነበር እንጂ በላቡ የሚያድረው አልነበረም። አባቶቻችን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ብለዋል፤ በዚህ ነገር ግን የፈሰሰው ብዙውን ጊዜ አይለቀምምና፥ ገንዘቡ በእርግጥ መድረሱ እስኪታወቅ መታገሥ ይሻላል።