በቆሎ በልቶ የተበላው ፌንጣ

ዛሬ የምናነሳው ፓታንጋን ነው፤ ከህንድ እስከ ደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚገኝ ትልቅ ቡናማ ፌንጣ።

ታይላንድ ውስጥ ደኑ ተመንጥሮ የበቆሎ እርሻ ሲስፋፋ ፓታንጋም ተራባ፤ ማሳውን ይፈጀው ጀመር። ከአውሮፕላን መድኃኒት ቢረጭበትም አልበገር አለ። በመጨረሻ፣ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ከ1978 እስከ 1981፣ ሕዝቡ ፌንጣውን እየያዘ እንዲበላ ቅስቀሳ ተደረገ። ሰውም እሺ አለ! በዘይት የተጠበሰ ፓታንጋ ዛሬ በየገበያው ይሸጣል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን አንዳንድ ገበሬዎች በቆሎ የሚዘሩት እህሉን ፈልገው ሳይሆን ፌንጣውን ለማጥመድ መሆኑ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ፀረ ተባይ የተረጨበት ፌንጣ ሊመርዝ ስለሚችል ፈጽሞ አይበላም።