የጋዜጣ አንባቢና የዘመኑ ዜና

በናይሮቢ ከተማ፣ በፓርክላንድስ ሠፈር፣ ለመምህራን የተደረገ ንግግር



ስለ ትምህርት ለመመካከር በተሰበሰብንበት ጉባኤ ላይ አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ መምህር ስለ ጋዜጣ ሊናገር መነሣቱ ለአንዳንዶቻችሁ ከመንገድ የወጣ ነገር መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ነገር ግን ማንበብን የሚያስተምር ሰው፣ ያስተማረው ልጅ ከትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ ምን እንደሚያነብ፣ ከማን እንደሚያነብና ያነበበውንም በምን ሚዛን እንደሚመዝን ሳይጠይቅ፣ ሥራዬን ፈጽሜአለሁ ለማለት አይችልም። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ፣ በበይነ መረብ የሚሠራጨው ዜና የጋዜጣን አንባቢና የጋዜጣን ንግድ እንዴት እንደ ለወጠው፣ ይህም ለውጥ በእኛ በመምህራን ላይ ምን ዓይነት ኃላፊነት እንደ ጣለ ለማስረዳት ነው። ስለ አገራችን ስናገር ዘመኑን በእኛ አቈጣጠር፣ ስለ ኬንያና ስለ ሌላው ዓለም ስናገር ግን በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጠራለሁ።

በአገራችን ከጋዜጣ በፊት ወሬ በነጋሪት ይነገር እንደ ነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ነጋሪቱ ከተጐሰመ በኋላ አዋጅ ነጋሪው በገበያ መካከል ቆሞ ትእዛዙን ያሰማል፤ የሰማውም ላልሰማው እንዲያሰማ ያሳስባል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው የነገሩ ምንጭ መታወቁ ነው፤ ነጋሪቱ የማን እንደ ሆነ ገበያተኛው ሁሉ ያውቃልና። ሁለተኛው የሰሚው ድርሻ ነው፤ ሰሚው የሰማውን ይዞ ወደ መንደሩ የሚሄድ መልእክተኛ ይሆናል። በ1934 ዓ.ም. የመንግሥት የሕግ ጋዜጣ ሲቋቋም «ነጋሪት ጋዜጣ» ተብሎ መሰየሙ፣ ወረቀቱ የነጋሪቱን ሥራ እንዲወርስ ታስቦ እንደ ሆነ ስሙ ራሱ ይመሰክራል።

ጋዜጦቻችንም ይህንኑ ሥርዓት ወረሱ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በማተሚያ ቤቱ ስም የተጠራው ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. መታተም ጀመረ፤ አገሪቱ ከጠላት እጅ በወጣችበት በ1933 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ ዘመን ተከተለ። ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት በነበረበት በዚያ ጊዜ፣ አንዱ እያነበበ ሌሎቹ ያዳምጡ ስለ ነበር፣ የአንድ ጋዜጣ ጆሮ ከዓይኑ ይበዛ ነበር። ይሁን እንጂ ጋዜጣው ከነጋሪቱ የሚበልጥበት አንድ ነገር ነበረው፤ እርሱም አዘጋጁ ነው። አዘጋጅ ማለት ወሬው እውነት መሆኑን የሚመረምር፣ ከብዙው ወሬ የሚበልጠውን መርጦ በፊት ገጽ የሚያኖር፣ ለታተመው ነገር በስሙ የሚጠየቅና ስሕተት ሲገኝ ማረሚያ የሚያወጣ ሰው ነው። አንባቢው በጥቂት ሳንቲም የሚገዛው ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ይህን ድካም ጭምር ነበር።

ይሁን እንጂ የአንባቢው ሳንቲም ይህን ድካም ብቻውን መመገብ ችሎ አያውቅም። ይህን ለመረዳት የተሰበሰብንባትን ከተማ ታሪክ መመልከት ይበቃል። ጂቫንጂ የተባለው ሕንዳዊ ነጋዴ በ1902 በሞምባሳ «አፍሪካን ስታንዳርድ» የተባለውን ጋዜጣ መሠረተ፤ ጋዜጣውም በኋላ ወደ ናይሮቢ ተዛውሮ ዛሬ «ዘ ስታንዳርድ» ይባላል። ጆሞ ኬንያታ በ1928 «ሙዊግዊታንያ» የተባለውን የኪኩዩ ቋንቋ ጋዜጣ አዘጋጁ። እዚሁ ፓርክላንድስ ውስጥ በ1958 የተከፈተው ትልቁ ሆስፒታል የአጋ ካንን ስም እንደሚጠራ ታያላችሁ፤ በዚሁ ስም ይጠሩ የነበሩት የእስማኤላውያን መሪ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1960፣ «ኔሽን» የተባለውን ጋዜጣ አቋቋሙ። ከነዚህ አንዱ የነጋዴ፣ አንዱ የፖለቲካ ማኅበር፣ አንዱም የባለጸጋ መሪ ሥራ ነበር። ለዕለታዊ ጋዜጣ ወረቀቱን፣ ቀለሙን፣ የሪፖርተሩን ደመወዝና የመኪናውን ቤንዚን በይበልጥ የሚከፍለው ግን ዕቃውን ለመሸጥ የሚፈልገው ማስታወቂያ አስነጋሪ ነው። ከሽያጭ የሚገኘው ገንዘብ ይረዳል እንጂ ቤቱን አያቆምም።

የማስታወቂያው ነገር በአዲስ አበባም እንዲሁ ነው። የፕሬስ ነፃነት አዋጅ በ1985 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ብዙ የግል ጋዜጦች ሲታተሙ፣ በአራት ኪሎ አካባቢ ጋዜጣ የሚያከራዩ ሰዎች ተነሡ። መግዛት ያልቻለው ሰው ትንሽ ገንዘብ ከፍሎ፣ ከግንቡ ሥር ወይም ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ አንብቦ ይመልሳል። ከነዚህ ተቀማጮች ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት የወጡ ሥራ ፈላጊዎች ነበሩ፤ መጀመሪያ የሚገልጡትም የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ያለበትን ገጽ ነበር። ማስታወቂያውን ፈልጎ የመጣው ወጣት ግን ጋዜጣው በእጁ ሳለ የፓርላማውን ክርክርና የጤናውን ዐምድ ሳያይ አይመልስም ነበር። እንግዲህ ማስታወቂያው ጋዜጣውን በገንዘብ ሲመግብ፣ ሥራ ፈላጊውን ደግሞ ወደ አንባቢነት ይስበው ነበር።

ዛሬ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ከጋዜጣ ገጽ ፈጽሞ ባይጠፋም፣ በድረ ገጽና በቴሌግራም ያለ ኪራይ ይገኛል። ሥራ ፈላጊው ተጠቀመ፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ማስታወቂያው ሲሄድ ገንዘቡንም፣ አንባቢውንም ይዞ ሄደ። በአሜሪካም «ክሬግስሊስት» የተባለው ድረ ገጽ የቤት ኪራይና የሥራ ማስታወቂያን በነፃ ማውጣት በጀመረ ጊዜ፣ የከተማ ጋዜጦች ዋነኛ ገቢያቸው ደረቀ። በእንግሊዝ «ኢንዲፔንደንት» የተባለው ጋዜጣ በ2016 ወረቀቱን ትቶ በድረ ገጽ ብቻ ቀረ። «ኒውዮርክ ታይምስ» ግን በ2011 የድረ ገጹን አንባቢ ማስከፈል ጀመረ፤ በናይሮቢም «ኔሽን» በ2021 ከጽሑፎቹ ከፊሉን ለከፋይ ብቻ አደረገ። ኬንያውያን ከ2007 ጀምሮ በኤም ፔሳ ጥቂት ሽልንግ በስልክ መክፈልን ስለ ለመዱ፣ ለትንሽ ጽሑፍ ትንሽ ዋጋ የመክፈሉ ነገር የሚቻል ሆኖ ተገኘ። በአገራችን ቴሌብር ሥራውን የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ይህ መንገድ ለእኛም ተከፍቷል።

የአገራችን ጋዜጦች ከወረቀት የወጡት ግን በንግድ ምክንያት ብቻ አይደለም። አዲስ ነገር የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ በ2002 ዓ.ም. ኅትመቱን ሲያቆም አዘጋጆቹ ከአገር ወጥተው በድረ ገጽ ጻፉ። አዲስ ስታንዳርድ በ2009 ዓ.ም. በአስቸኳይ ጊዜው አዋጅ ሳቢያ የወረቀት እትሙን አቁሞ በበይነ መረብ ቀጠለ። በ2006 እና በ2007 ዓ.ም. ከአገር የተሰደዱ ብዙ ጋዜጠኞች ወደዚህች ወደ ናይሮቢ እንደ መጡ ከመካከላችን የሚያውቅ አይጠፋም። ለእነዚህ ሰዎች በይነ መረብ መጠለያ ነበር። እንዲሁም ጋዜጣ ከታተመ ከብዙ ቀን በኋላ ይደርሰው ለነበረ የገጠር መምህር፣ ዜናን በዕለቱ ማግኘት ቀላል ጥቅም አይደለም። በዚህም በኬንያ በ2024 በጁን ወር ወጣቶች የፋይናንስ ረቂቅ ሕጉን በቲክቶክና በኤክስ እርስ በርሳቸው አስረድተው ወደ አደባባይ በወጡ ጊዜ፣ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላም ፕሬዚዳንቱ ሕጉን አልፈርምም ባሉ ጊዜ፣ ተመልካች የነበረው ሕዝብ ራሱ ወሬ ነጋሪ መሆኑ ታየ። በማግሥቱ ለወጣው ጋዜጣ የቀረለት ሥራ ነገሩን ማብራራት እንጂ ማብሠር አልነበረም።

ስለዚህ አዲሱን መንገድ በጅምላ የምንኰንንበት ምክንያት የለም። የሚያሳስበው ነገር ሌላ ነው። የአዘጋጁ ሥራ አልጠፋም፤ ሳይነገረው ወደ አንባቢው ትከሻ ተዛወረ። መመርመሩን፣ መምረጡንና ማረሙን ትናንት ደመወዝ የሚከፈለው አዋቂ ይሠራው ነበር፤ ዛሬ የ15 ዓመት ልጅ በስልኩ ላይ ብቻውን እንዲሠራው ተተወ። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» የሚለው ትእዛዝ በየእጁ ስልክ አለ፤ ነጋሪቱ የማን እንደ ሆነ ግን አይታወቅም። በጩኸት ለሁሉ ይነበብ የነበረው ጽሑፍም አሁን እያንዳንዱ ለብቻው የሚያየው ስለ ሆነ፣ «ይህስ እውነት አይመስለኝም» የሚል ጎረቤት በአጠገቡ አይገኝም።

ከእኛው ሙያ አንድ ምሳሌ ላንሣ። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የእንግሊዝኛ ጥያቄ በማኅበራዊ መገናኛዎች ወጥቶ በመገኘቱ ፈተናው በመላው አገር ተሰርዞ እንደገና ተሰጠ። ያ ጊዜ የወጣው ወረቀት እውነተኛ ነበር። ጉዳቱ ግን በዚያ አላበቃም፤ ከዚያ ወዲህ በፈተና ሰሞን የሐሰት ጥያቄ በቴሌግራም የሚሸጡ ሰዎች ገዢ አላጡም፤ የአንድ ቀን እውነት ለብዙ ዓመት ሐሰት ዋስ ሆኖ ቆመ። ከጥናቱ ተዘናግቶ ያንን ወረቀት የሸመደደው ልጅ የእኛ ተማሪ ነው። ወላጆቹ ለፍተው ያገኙትን ገንዘብ ከፍሎበታል፤ ፈተናውንም ወድቆበታል።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ መዝጋት ነው የሚሉ አሉ። በ2012 ዓ.ም. በሰኔ ወር መጨረሻ በይነ መረብ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። በተዘጋ ጊዜ ግን እውነቱም ሐሰቱም አብሮ ይዘጋል፤ ከአፍ ወደ አፍ የሚሄደው አሉባልታ ግን አይዘጋም። በዚያው ዓመት የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጣ። ሕግ አጥፊውን ሊቀጣ ይችላል፤ አንባቢን ግን አስተዋይ ሊያደርግ አይችልም። ይህን የሚያደርግ ትምህርት ነው። አባቶቻችን «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ያሉት፣ ሰሚው በሰማው ላይ የራሱን ማስተዋል እንዲያክልበት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ በማሠልጠኛ ትምህርት ቤቶቻችን የንባብ ማስተማሪያ ዘዴ ስንሰጥ ዜናን መመርመር ከንባብ ክፍል እንደ አንዱ ይቈጠር። ተማሪው አንድን ወሬ ከሁለት ቦታ አምጥቶ፣ ማን ጻፈው? መቼ ተጻፈ? ጸሐፊው ራሱ አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ? ሥዕሉስ የዚያ ቦታና የዚያ ቀን ነውን? ብሎ ይጠይቅ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለውን ተረት ትርጉሙን በቃል ከማስጠናት ይልቅ እንዲህ በሥራ ማሳየት ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ በየትምህርት ቤቱ ያለው የሚኒ ሚዲያ ክበብ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ጊዜ ዜና ከማንበብ አልፎ የአዘጋጅነት ትምህርት ቤት ይሁን። በየሳምንቱ አንድ ተማሪ ዋና አዘጋጅ ሆኖ በስሙ ይጠየቅ፤ ስሕተት በተገኘም ጊዜ ማረሚያው ዜናው በተነበበበት ሥፍራና በዚያው ድምፅ ይነበብ። ስሕተቱን በጓደኞቹ ፊት ያረመ ልጅ፣ ያልመረመረውን ነገር ለሌላ ለማሳለፍ እጁ አይፈጥንም። የችኰላ ወሬ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደ ተባለው መሆኑንም በራሱ ሥራ ያየዋል።

ሦስተኛ፣ ለዜና ዋጋ መክፈልን እናስለምድ። የመምህር ደመወዝ የወሩን አስቤዛ እንኳ በጭንቅ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ስለዚህ እያንዳንዳችን በየቀኑ ጋዜጣ እንግዛ አልልም። ነገር ግን የአንድ ትምህርት ቤት መምህራን ጥቂት ብር አዋጥተው፣ የሚያምኑበትን አንድ ጋዜጣ በወረቀት ወይም በስልክ ደንበኛ ሆነው ቢያነቡ፣ ቤተ መጻሕፍቱም አንዱን ቅጂ ለተማሪዎች ቢያስቀምጥ፣ ከአቅም በላይ አይሆንም። ርእሰ መምህራንና የወረዳ ኃላፊዎችም ይህን በበጀታቸው ቢያስቡበት ትልቅ እርዳታ ነው። በሩቅ ወረዳ ያለ ትምህርት ቤት ጣሪያው በነፋስ ሲገነጠል፣ ወይም የመምህራን ደመወዝ ሳይከፈል ወራት ሲያልፍ፣ ወደ ስፍራው ሄዶ፣ ሁለቱን ወገን ጠይቆ፣ በስሙ ፈርሞ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው በአየር አይኖርም። ማስታወቂያ አስነጋሪው ከተወው፣ አንባቢውም ካልከፈለው፣ ለደመወዙ ሌላ ጌታ ይፈልጋል፤ የሚጽፈውም የዚያን ጌታ ነገር ይሆናል።

የተከበራችሁ ጓደኞቼ፤ ጋዜጣ በወረቀት ይቅር ወይም በስልክ ይኑር የሚለውን ዘመኑና ንግዱ ይወስኑት። ለእኛ የተተወልን፣ መርምሮ የሚያነብና የተመረመረ ዜና ዋጋ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ማፍራት ነው። ፊደል ካስቈጠርነው ልጅ ይህን ብናስቀርበት፣ ዓይን ሰጥተነው ብርሃን እንደ ነሣነው ይቈጠራል። በመጪው የትምህርት ዓመት መጀመሪያ፣ ከነዚህ ከሦስቱ አንዱን እንኳ በየትምህርት ቤታችሁ እንድትጀምሩ በትሕትና እየለመንሁ ንግግሬን እፈጽማለሁ።