«ሸበካ ነው» ብለን አንለፍ
(በሐዳይቅ አል-መዓዲ፣ በዓርብ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ በሳምንት አንዲት የዕረፍት ቀናችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ከአሥረኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፣ የስልክ ባለሙያም አይደለሁም። ግን ስልክ ላይ ድምፅ ሲቆራረጥ ምን እናድርግ የሚለው ሁላችንንም ይነካል።

ከመካከላችን አንዲት ልጅ ነበረች፤ ስሟን አልጠራም። ስትደውል ድምፅዋ ይቆራረጣል፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ይጠፋል። እኛም «ሸበካ ነው» አልን። ሦስት ዓርብ እንዲሁ አለፈ። በኋላ ስንሰማ ስልኳን ማዳሟ ወስዳባት ኖሯል፤ አጠገቧ ቆማ ታስደውላታለች፣ ስታለቅስ ትዘጋባታለች። ዛሬ ልጅቷ ከዚያ ቤት ወጥታ ደህና ናት። «ሸበካ ነው» ካሉት አንዷ ግን እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ተቃራኒውም ደርሶብኛል። ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2025) እዚህ ካይሮ ራምሲስ ያለው የስልክ ማዕከል ሕንፃ ተቃጥሎ ሰው ሞተ፤ ስልክና ኢንተርኔትም ተቋረጠ። እናቴ ስትደውል አድራ «ልጄን አንድ ነገር አግኝቷታል» ብላ ጎረቤት ሰበሰበች። እኔ ደግሞ ደህና ሆኜ ሰሃን እያጠብኩ ነበር።

ታዲያ ኔትወርክን ከችግር እንዴት እንለይ? በኢሞም ሆነ በዋትስአፕ ስናወራ ድምፃችን በጥቃቅኑ ተቆርጦ ነው የሚሄደው፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰከንድ 50 ቁራጭ ይሆናል። ቁራጮቹ መንገድ ላይ ሲጠፉ ቃል ይዋጣል። እኩል ሳይደርሱ ሲቀሩ ድምፁ እንደ ማሽን ይንቀጠቀጣል። ሲዘገዩ ደግሞ ሁለታችንም አንድ ላይ እንናገራለን። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት መዘግየቱ ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይሻላል ይላል።

የኔትወርክ ባለሙያዎች ሰው እስኪያማርር አይጠብቁም። ለድምፁ ጥራት ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣሉ፣ ወሰን ያስቀምጣሉ። ነጥቡ ከወሰኑ ወርዶ ሲቆይ ማስጠንቀቂያ ይደርሳቸዋል። እኛም ይህንኑ እናድርግ፦

አንደኛ፣ ዓርብ ዓርብ ሁላችንም ለግሩፑ ቁጥር ብቻ እንላክ። 5 ማለት ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ 1 ማለት ምንም አይሰማም። 0 ማለት ግን «ኔትወርክ አይደለም፣ አጠገቤ ሰው አለ» ማለት ነው። ማዳም ብታየውም ቁጥር ብቻ ነው፣ አይገባትም።

ሁለተኛ፣ የሁላችንም ቁጥር አንድ ላይ ከወረደ ኔትወርክ ነው። አንድዋ ብቻ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ከወረደች፣ ወይም አንድ ዓርብ እንኳ ዝም ካለች፣ ችግር አለ ብለን እንነሣ። 0 ከላከች ደግሞ ዓርብን አንጠብቅ።

ሦስተኛ፣ በመጀመሪያ ያለ ኢንተርኔት በተራ ስልክ እንደውልላት። ካልሆነ ሁለት ሆነን ሄደን በዋቡን በትሕትና እንጠይቅ። ማዳምን በስልክ አንሳደብ፤ ዱላው በልጅቷ ላይ ነው የሚያርፈው።

ለቤተሰብም አስቀድመን እንንገር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ስንቶቻችን በጭንቀት ከረምን! «በኢሞ ካጣሽኝ በተራ ስልክ ሞክሪ፣ እሱም ካልሠራ ለእገሊት ደውዪ» ብለን የአንዲት እህት ቁጥር ለእናቶቻችን እንስጥ።

ያቺን ልጅ ሦስት ሳምንት ያስጠበቃት አንድ ቃል ነው። ከዛሬ ጀምሮ «ሸበካ ነው» ከማለታችን በፊት «የሌሎቻችሁስ እንዴት ነው?» ብለን እንጠይቅ።

የዛሬውን ቁጥር ሳትልኩ እንዳትሄዱ።