መድረቅ ሌላ፣ መሻገት ሌላ



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ዳቦና እንጀራ ከተጋገሩ በኋላ ስለሚቀመጡበት ሁኔታ ነው። እህል ታርሶ፣ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ተፈጭቶና ተቦክቶ ከምጣድ ከወጣ በኋላ በአቀማመጥ ጉድለት ሲጣል የገበሬውም የጋጋሪዋም ልፋት አብሮ ይጣላል። ይህ ሲሆን እያየን እንደ ቀላል ነገር ማለፋችን ያሳዝነኛል። በእኔ እምነት ስሕተቱ የሚጀምረው ሁለት የተለያዩ ጉዳቶችን እንደ አንድ ስንቆጥር ነው። መድረቅ ሌላ ነው፤ መሻገት ሌላ ነው። አንዱን የሚከላከለው ዘዴ ብዙ ጊዜ ሌላውን ያባብሳል። ለሁለቱም መላ ይሆናል ብለን የተማመንበት ፍሪጅም ዳቦን ከሻጋታ እየጠበቀ ያደርቀዋል።

ዳቦው ደረቀ ስንል ውሃው ተንኖ አለቀ ማለታችን ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው ኬሚስት ዣን-ባቲስት ቡሳንጎ እ.ኤ.አ. በ1852 ባሳተመው ጥናት ዳቦ እርጥበቱ እንዳይወጣ ተከድኖም እንደሚጠነክር አሳየ። ከዚህም በላይ የደረቀው ዳቦ እንደገና ሲሞቅ ተጨማሪ ውሃ እያጣ መልሶ ይለሰልሳል። የውሃ ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። ምክንያቱ ዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ነው። ስታርቹ በእሳት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተመልሶ እየተሰበሰበ ይጠነክራል። ከልቡ የሚወጣው እርጥበትም ወደ ቅርፊቱ ይሄዳል። ያደረ ዳቦ በእጅ ሲቆረስ ቅርፊቱ እንደ ቆዳ እየተጎተተ ልቡ የሚፈረፈረው በዚህ የተነሣ ነው። ከቡሳንጎ በኋላ ኔዘርላንዳዊው ተመራማሪ ካትስ ይህ ለውጥ ከሁሉ የሚፈጥነው ውሃ ወደ በረዶነት በሚለወጥበት ሙቀት አካባቢ መሆኑን አረጋገጠ። የቤት ፍሪጅ ደግሞ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። እዚያ የገባ ዳቦ ጠረጴዛ ላይ ካደረው ቀድሞ ይጠነክራል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ግን ለውጡ ከሞላ ጎደል ይቆማል፤ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅም የተሰበሰበው ስታርች እንደገና ይፈታል።

ሻጋታ ሌላ ጠባይ አለው። የምጣዱ ሙቀት በሊጡ ውስጥ ያለውን ሻጋታ ይገድላል፤ አዲሱ የሚመጣው ከአየር፣ ከእጅ፣ ካልታጠበ ጨርቅና ሞሰብ ውስጥ ከከረመ ፍርፋሪ ነው። የሚፈልገው እርጥበት ነው፤ እንጀራ ደግሞ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ኮምጣጣነቱ ብዙ ባክቴሪያዎችን ያርቃል፤ ሻጋታ ግን ኮምጣጣ ነገር አይከብደውም። ትኩስ እንጀራ ፌስታል ውስጥ ሲገባ የሚሆነውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ በፌስታሉ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ ጠብታው ተመልሶ እንጀራው ላይ ይወርዳል፤ ጥቂት ቀን ሲያድር ዓይኑ መካከል ነጭና አረንጓዴ ነጠብጣብ ይታያል። እናቶቻችን እንጀራውን ሰፌድ ላይ ዘርግተው ሳይበርድ የማይደራርቡት በከንቱ አይደለም። ሞሰብም እንዲሁ ነው፤ የስፌቱ ሣር ትንፋሽ ያስወጣል፣ ክዳኑ ነፋስ ይከለክላል። ከመድረቅና ከመሻገት መካከል የተገኘ አስተዋይ መንገድ ነው። ሆኖም ሞሰቡ ካልተራገፈና ፀሐይ ካልመታ የትናንቱን ሻጋታ ለዛሬው ያወርሳል።

«ፍሪጅ ባይኖር እንጀራዬ በሦስት ቀን ይሻግት ነበር» የሚል ሰው ይኖራል። ልክ ነው። ለእንጀራ ዋናው ጠላት ሻጋታ ስለሆነ ብዙ ቀን የሚቆየውን ፍሪጅ ማስገባቱን አልቃወምም፤ ጫፉ ደርቆ ቢሰነጣጠቅ ከመሻገት ይሻላል። ዳቦ ግን በአንድና በሁለት ቀን የሚያልቅ ከሆነ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ የሚቆየው ፍሪዘር ይግባ። ፍሪዘር በየቤቱ የለም፣ መብራትም ይጠፋል የሚለው ተቃውሞ ደግሞ ክብደት አለው። ፍሪዘር ለሌለው ቤት የሚበጀው በልክ መግዛትና በልክ መጋገር ነው። የተረፈውም እንጀራ ሳይበላሽ በጊዜ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሁን። እርጥበት ካጣ ሻጋታ አይበቅልበትም።

ከሁሉ አጥብቄ የምቃወመው «ሻጋታውን አንስቶ መብላት ምን ይጎዳል?» የሚለውን አነጋገር ነው። ላዩ ላይ የሚታየው የሻጋታው ከፊል ብቻ ነው፤ ክሩ ለስላሳውን እንጀራና ዳቦ ሰርስሮ ውስጥ ይገባል። አንዳንድ ሻጋታዎች መርዝ ያመርታሉ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው አፍላቶክሲን ጉበትን ይጎዳል፣ በተለመደው የማብሰያ ሙቀት በቀላሉ አይጠፋም፣ ላም ከበላችውም ወደ ወተቷ ያልፋል። ስለዚህ የሻገተ እንጀራ ማድረቅም ሆነ ፍርፍር ማድረግ አያድነውም፤ ለከብት መስጠትም መርዙን በወተት አዙሮ ወደ ልጆቻችን ማምጣት ሊሆን ይችላል።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ዳቦው ፍሪጅ ውስጥ ካለ አውጡት። ለነገ የሚሆነውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉ፤ ፍሪዘር ያላችሁ የቀረውን ቆራርጣችሁ አስገቡና በፈለጋችሁ ጊዜ አሙቁት። ሞሰቡንም አራግፋችሁ ነገ ጠዋት ፀሐይ ላይ አውጡልኝ።