የውሃ መሳቢያ ሞተር ሚኒሞ ላይ ሲንገጫገጭ

ሽንኩርቱ ራስ በሚይዝበት ወቅት የቤንዚን ውሃ መሳቢያ ሞተራችሁ ሚኒሞ ላይ እየተንገጫገጨ ቢጠፋባችሁ፣ አዲስ ካርቡራተር ለመግዛት አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ክረምቱን ሙሉ በውስጡ የከረመው ቤንዚን ነው፤ እየወፈረ ቀጭኗን የሚኒሞ ቀዳዳ ይደፍናል።

በመጀመሪያ ፓምፑን ውሃ ሙሉት፤ በደረቁ ማስነሳት ውሃ የሚይዘውን ጎሚኒ ያቃጥላል። ሞተሩን ጥቂት አሠርታችሁ አጥፉት፤ ሲበርድ ካንዴላውን ፈትታችሁ እዩ። ጥላሸት ከለበሰ አየር አንሶታል፤ የስፖንጅ ማጣሪያውን በሳሙና እጠቡ፣ አድርቁ፣ ንጹሕ ዘይት አስነክታችሁ ጨምቁ። ነጭ ከሆነ ግን ያነሰው ቤንዚን ነው። ቾክ ተስቦ ደህና የሚሠራ፣ ሲለቀቅ የሚጠፋ ሞተርም ይህንኑ ነው የሚነግራችሁ።

ያኔ ሞተሩ እየሠራ ካርቡራተሩ በሚጋጠምበት ቦታ የሳሙና ውሃ ጠብ አድርጉ። ድምፁ ከተለወጠ ጋስኬቱ አየር ያስገባል። ካልተለወጠ ሞተሩን አጥፉና ይብረድ፤ ካርቡራተሩን ፈትታችሁ ቀዳዳዎቹን በንጹሕ ቤንዚን እጠቡ፣ በጎማ መንፊያ ንፉ። እሳትና ሲጋራ አይቅረብ። ሽቦ አታስገቡ፤ ቀዳዳው አንዴ ከሰፋ ቤንዚን ሲጠጣ ይኖራል።

የሚኒሞውን ቡሎን ማዞር የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ከእሱ ይጀምራል!

መስኖ ሲያበቃ ፓምፑ ውሃ እንደያዘ የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግታችሁ ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ አሠሩት።