የአከርካሪ ዕጢን በኅብረ ሕዋስ ቀለም መለየት



ንግግሬን ከአንድ ጥያቄ እጀምራለሁ። ከሽንዲ ገጠር የመጣ ገበሬ ወገቡን ለወራት ሲያመው ቆይቶ እግሮቹ ቢዝሉ፣ በምስልም የአከርካሪው አጥንት ተበልቶ ቢታይ፣ ሕመሙ ምንድን ነው? በአገራችን አስቀድሞ የሚታሰበው የአከርካሪ ቲቢ ነው፤ ተገቢም ነው። ይሁንና የቲቢ መብዛት የተበላውን አጥንት ሁሉ ቲቢ አያሰኘውም። በዓመት ከሚሊዮን ሰው አንዱን ያህል ብቻ የሚይዘው ኮርዶማ የተባለ ዕጢም አጥንትን እንዲሁ ይበላል። የቲቢ መድኃኒት አይፈውሰውም፤ በመጠበቅ የሚያልፈው ጊዜ ግን በሽተኛውን እግሩን ሊያሳጣው ይችላል።

ፍርዱን የሚሰጠው ኅብረ ሕዋሱ ነው። በሄማቶክሲሊንና በኢኦሲን ሲቀለም ቲቢ በግራኑሎማና አይብ በመሰለ ሙት ሥጋ ይታወቃል፤ ኮርዶማ ደግሞ ንፍጥ በመሰለ ነገር ውስጥ በተደረደሩ አረፋማ ሕዋሳት። በዚል ኒልሰን ቀለም የቲቢ ባክቴሪያ በሰማያዊ መደብ ላይ ቀይ ዘንግ ሆኖ ይታያል። በአጥንት ውስጥ ግን ባክቴሪያው ጥቂት ስለሆነ፣ አለመታየቱ ብቻውን ቲቢ የለም አያሰኝም።

ኮርዶማን ከኮንድሮሳርኮማ መለየት ይበልጥ ይከብዳል። ሁለቱም ኤስ 100 የተባለውን ፕሮቲን ያሳያሉ፤ ኬራቲንና ብራኪዩሪ ግን የኮርዶማ ምልክቶች ናቸው። ፕሮቲንን በፀረ እንግዳ አካል ፈልጎ ለሚያቀልመው ለዚህ ዘዴ መሠረት የጣሉት እ.ኤ.አ. በ1941 አልበርት ኩንስና ባልደረቦቹ ናቸው።

ይህ ምርመራ በየሆስፒታሉ አይሠራም። በሽተኛው ከሽንዲ በቡሬና በእንጅባራ አድርጎ ባሕር ዳር ይደርሳል፤ ናሙናው ከዚያም አልፎ አዲስ አበባ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ አጥብቄ የማሳስበው ስለ ናሙናው አያያዝ ነው። ከፊሉ በመጠኑ አሥር እጥፍ በሆነ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይቀመጥ። ለቲቢ ካልቸር የሚላከው ግን ፎርማሊን አይንካው፤ ባክቴሪያውን ይገድለዋልና። አጥንቱን ለማለስለስ ኃይለኛ አሲድ ከተጠቀምን የምንፈልገው ፕሮቲን ሊበላሽ ይችላል፤ ኢዲቲኤ ቢዘገይም ይጠብቀዋል። በፓራፊን የታሸገው ናሙናም ይቀመጥ፤ ከዓመታት በኋላም ተቆርጦ ሊቀለም ይችላልና።

ተማሪዎቼ፤ በመጠየቂያው ወረቀት ላይ የበሽተኛውን ዕድሜ፣ የዕጢውን ቦታ፣ የምስሉን ውጤትና የተወሰደውን መድኃኒት ጻፉ። «የወገብ ሕመም» ብቻ ተጽፎበት የመጣ ናሙና፣ የትኛው ቀለም እንደሚመረጥ ለፓቶሎጂስቱ አይነግረውም።