በመኖሪያ ቤት ክፍሎች መካከል የኔትወርክ ገመድ ስለመዘርጋት

በብሎኬትና በኮንክሪት በተሠራ ቤት ውስጥ ዋይፋይ ሳሎን ላይ በርትቶ የኋላ መኝታ ቤት ሲደርስ የሚደክመው የሬዲዮ ሞገድ በእያንዳንዱ ግድግዳ ኃይሉ እየተቀነሰ ስለሚያልፍ ነው። ፌሮ ያለበት ኮንክሪት ከሁሉም ይበልጥ ያግደዋል፤ የ5 ጊጋኸርዙ ሞገድም ከ2.4ቱ ቀድሞ ይዳከማል። በገመድ የሚሄድ ምልክት ግን የግድግዳ ብዛት አይመለከተውም። የዕለቱ ርዕስ ይህ ገመድ በምን መንገድ ከክፍል ወደ ክፍል እንደሚዘረጋ ነው። ከመንገዱ በፊት ግን ገመዱ ራሱ መታወቅ አለበት፤ በቤት ውስጥ ዝርጋታ የሚደርሰው ችግር አብዛኛው ከዚያ ይጀምራልና።

ካት ሲክስ የሚባለው የኔትወርክ ገመድ ጫፉ ሁለት ጣት ያህል ቢላጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ይወጣሉ። አራቱ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቡናማ ናቸው፤ እያንዳንዱም የእርሱን ቀለም መስመር ከያዘ ነጭ ሽቦ ጋር ተጠማዟል። ጠጋ ብሎ ላስተዋለ አራቱ ጥንዶች እኩል አልተጠማዘዙም፤ አንዱ ጠበቅ፣ ሌላው ላላ ብሏል። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። የገመዱ ሥራ በሙሉ የቆመውም በዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹ የስልክ መስመሮች በአንድ ሽቦ ይሠሩ ነበር፤ መመለሻቸው መሬት ነበር። ከተሞች የኤሌክትሪክ መስመርና የኤሌክትሪክ ባቡር ሲዘረጉ ስልኩ በጉርምርምታ ተሞላ። አሌክሳንደር ግርሃም ቤል በ1881 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት መፍትሔ ሁለት ሽቦዎችን አጠማዝዞ ማስኬድ ነበር። ምልክቱ የሚላከው በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ባለው ልዩነት ነው፤ በአንደኛው ቮልቴጁ ከፍ ሲል በሌላኛው በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ከውጭ የሚመጣ ረብሻ ሁለቱንም እኩል ካገኛቸው ልዩነቱ አይለወጥም፤ ተቀባዩ መሣሪያም የሚያነበው ልዩነቱን ብቻ ስለሆነ ረብሻው ከቁጥር አይገባም። እኩል እንዲያገኛቸው ግን ሁለቱም ለረብሻው ምንጭ እኩል መቅረብ አለባቸው። ጎን ለጎን ቢዘረጉ አንደኛው ዘወትር ይቀርባል። ሲጠማዘዙ ቦታ እየተለዋወጡ ይሄዳሉ፤ አንዱ ጥምዝ ላይ የቀረበው በሚቀጥለው ይርቃል። ጥንዶቹ በተለያየ መጠን የተጠማዘዙትም እርስ በርሳቸው እንዳይረባበሹ ነው።

ቦብ ሜትካፍና ዴቪድ ቦግስ በ1973 እ.ኤ.አ. በዜሮክስ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ኮምፒዩተሮችን በገመድ የሚያገናኘውን ኢተርኔትን ሲጀምሩ የተጠቀሙት በዚህ ዓይነት ሽቦ አልነበረም፤ ኮአክሲያል በሚባለው ገመድ ነበር። በተጠማዘዘ ጥንድ በሰከንድ 10 ሜጋቢት የሚያስተላልፈው ደንብ የወጣው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። ገመዱም በሰከንድ 10 ሜጋቢት ከዚያም 100 ሜጋቢት ሲያስተላልፍ ከአራቱ ጥንዶች ሁለቱን ብቻ ይጠቀም ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የአንድ ጊጋቢት ደንብ አራቱንም፣ ያውም በሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ያሠራል። ስለዚህ 100 ሜጋቢት ከማይጠቀምባቸው ሁለት ጥንዶች አንድ ሽቦ ሲበጠስ ብዙ ጊዜ ግንኙነቱ አይቋረጥም፤ ወደ 100 ሜጋቢት ይወርዳል። ጊጋቢት መሆን ያለበት መስመር 100 ካሳየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የገመዱ ጫፍ ነው።

አሁን ይህ ንግግር ከሁሉም በላይ ሊያስጨብጥ የሚፈልገው ነጥብ ይመጣል። ንጽሕና የሚወድ ባለሙያ ስምንቱን ሽቦዎች በጥንድ በጥንዳቸው አሰልፎ፣ በኮኔክተሩ ስምንት ቦታዎች ላይ 1 ከ2፣ 3 ከ4፣ 5 ከ6፣ 7 ከ8 አድርጎ በሁለቱም ጫፍ ኮኔክተር ይገጥማል። የገመድ መሞከሪያው ላይ ስምንቱም መብራቶች በተራ ይበራሉ፤ ሥራው አለቀ ይባላል። ገመዱ ግን ተበላሽቷል። ደንቡ ጥንድ የሚያደርገው 3ን ከ6፣ 4ን ከ5 ጋር ነው፤ የመሐሉ ሁለት ቦታ ከስልክ ዘመን ጀምሮ የአንድ ጥንድ ነውና ሌላው ጥንድ ዙሪያውን ይዞ ይቀመጣል። በባለሙያው አሰላለፍ ግን 3 እና 6 ላይ ያረፉት ሽቦዎች ከተለያየ ጥንድ የመጡ ናቸው፤ አብረው አልተጠማዘዙም፤ ረብሻን የሚያጠፋ ነገር የለም። ርካሹ መሞከሪያ የሚጠይቀው ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ መድረሱን ብቻ ስለሆነ ይህን ሊያይ አይችልም። ሁለት ሜትር ገመድ በዚህ ሁኔታ ያለ ችግር ሊሠራ ይችላል፤ ሠላሳ ሜትር ላይ ግን ይቆራረጣል፤ የቤቱ ሰውም ጥፋቱን በኢንተርኔት አቅራቢው ላይ ይጥላል። ትክክለኛው ተርታ ከግራ ወደ ቀኝ፣ የኮኔክተሩ ምላስ ወደ ታች ሆኖ፣ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው። ብርቱካናማውና አረንጓዴው ቦታ የሚለዋወጡበት ሌላ ደንብ አለ፤ ሁለቱም ይሠራሉ፤ ዋናው ነገር በሁለቱ ጫፎች አንዱን ብቻ መከተል ነው። ጥምዙም ከ13 ሚሊሜትር በላይ መፈታት የለበትም።

በዚህ አዳራሽ ቤት እያስገነባ ያለ ሰው ካለ ደግሞ ገመዱን ከመግዛቱ በፊት አንዱን ሽቦ በምላጭ ይፋቀው። ውስጡ ነጣ ብሎ ካብረቀረቀ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ የመዳብ 60 በመቶ ገደማ ነው፤ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል፤ ኃይል በኔትወርክ ገመዱ የሚላክለት የጥበቃ ካሜራ ካለ ደግሞ ይሞቃል። ዋጋው ይረክሳል፤ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረን ገመድ አውጥቶ የመለወጥ ወጪ ግን ከዋጋው ልዩነት እጅግ ይበልጣል።

ስለ መንገዱ የቀረው አጭር ነው። አዲስ ግንባታ ላይ ከልስን በፊት ለኔትወርክ ብቻ የሚሆን የፕላስቲክ ቱቦ ይቀበራል፤ ከ220 ቮልት መስመር ጋር በአንድ ቱቦ አይገባም፤ መሻገር ካለበት በቀጥታ ያቋርጠዋል እንጂ አብሮት አይጓዝም። ያለቀ ቤት ከሆነ በኮርኒሱ በላይ ወይም ዞኮሎውን ተከትሎ በፕላስቲክ ትራንኪንግ ይሄዳል። ገመዱ ሲጎተት ከ11 ኪሎ ግራም ክብደት የበለጠ ኃይል አይደረግበትም፤ ማዕዘን ላይም በድንገት አይታጠፍም፣ ከውፍረቱ አራት እጥፍ ያላነሰ ሬዲየስ ይሰጠዋል። ግድግዳ ውስጥ ወጥ ሽቦ ያለው፣ ከሶኬት እስከ ኮምፒዩተር ደግሞ ባለ ብዙ ክሩ ተጣጣፊ ገመድ ይውላል። የርዝመቱ ወሰን 100 ሜትር ስለሆነ አንድ ቤት ውስጥ አያሳስብም። መስመሮቹ ሁሉ የኢንተርኔቱ ፋይበር በሚገባበት ክፍል ወደሚቀመጥ አንድ የኔትወርክ ስዊች ይሰበሰባሉ፤ ለየክፍሉ ሁለት ገመድ የመሳብ ድካም ከአንዱ ብዙም አይበልጥም። በቱቦው ውስጥ ለወደፊት መጎተቻ የሚሆን ጠንካራ ሲባጎም ይቀራል።

ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪስ ቤት የሚሻገረው መስመር ግን የተለየ ነው። በክረምት የሚወርድ መብረቅ በአቅራቢያ ሲመታ በረጅም የመዳብ ገመድ ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጥራል፤ ሁለቱ ቤቶች የየራሳቸው የመሬት መስመር ካላቸውም በመካከላቸው የቮልቴጅ ልዩነት ሊኖር ይችላል። ራውተርና ስዊች በአንድ ጊዜ የሚቃጠሉት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ለዚህ መስመር ብረት የሌለበት ፋይበር በሁለቱም ጫፍ ምልክቱን ከሚለውጠው መሣሪያ ጋር ይመረጣል፤ ይህ ካልተቻለ ፀሐይን የሚቋቋም ጥቁር የውጭ ገመድ፣ በሁለቱም በኩል ከመሬት የተያያዘ የመብረቅ መከላከያ ተገጥሞለት ይዘረጋል።